ወረርሽኝ ሲመጣ ለጤና ባለሙያ «ጠንክሪ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦ ሲስተር ከክልል

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በአንድ የክልል ሆስፒታል በነርስነት ማገልገል ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በዚያው ክረምት ወደ ለይቶ ማከሚያ ማዕከል ተመድቤ ሰባት ወር ሠርቻለሁ። አሁን ሆስፒታላችን ለድንገተኛ ወረርሽኝ ምላሽ የሚሰለፉ 24 ወጣት ነርሶችን ሊያሠለጥን ነው፤ ከሥልጠናው ውስጥ «የሥነ ልቦና ጽናት» የሚለውን ክፍለ ጊዜ እንድመራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ልምድ አላት ተብሎ ነው። እኔ ግን ምን ብዬ እንደማስተምር ሳስብ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ይቆማል።

በዚያን ጊዜ ለእኛ የሚነገረን አንድ ቃል ነበር፤ «ጠንክሩ» የሚል። እኛም ጠነከርን። እንባ የመጣበት ሰው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ ፊቱን ታጥቦ ይወጣል እንጂ ባልደረባው ፊት አያለቅስም ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴም እናቴም ራሳቸው በፍርሃት አልቀው ስለምደርስባቸው፣ በላያቸው ላይ ልጨምርባቸው አልፈለግሁም፤ ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እናቴ ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር፤ ሸሽታም ግን በልቼ እስክጨርስ ከመስኮቱ አትጠፋም።

ከዚያ ሁሉ ቀን አንዱን ብቻ ልጻፈው። በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑ አንድ ታማሚ ነበሩን። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ተሸፍነን ስለምንገባ፣ ማን ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ስማችንን በማርከር ደረታችን ላይ እንጽፍ ነበር፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸው ስለደከመ እኔን የሚለዩኝ በእግሬ ኮቴ ነበር። አንድ ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ትንፋሻቸው በከበደበት ሰዓት ሌላ ከተማ የምትኖር ልጃቸው ደወለች። ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ጆሯቸው ሥር ያዝኩላቸው። «አባዬ፣ መርቀኝ» አለች። ፊታቸው ላይ የኦክስጅን ጭንብል ስለነበረ መናገር አልቻሉም፤ እጃቸውን ግን ከአንሶላው ላይ ቀስ አድርገው አነሱ። ልጅቱ ይህን አላየችም። ልነግራት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ፤ ወዲያው የሌላ ታማሚ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስለጮኸ ትቼያቸው ሮጥኩ። ስመለስ አርፈዋል። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መረጋገጡ በተሰማ ሰሞን፣ እኔ ከዚያ እጅግ ርቄ ባለሁበት፣ በረኪና እየበጠበጥኩ ሳለ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽታው ነው የቀሰቀሰው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ያስጨንቀኛል። ወጣቶቹን «ጠንክሩ» ከማለት ሌላ በእጃቸው የሚይዙት ምን ልስጣቸው? ከአመራሮቻችን አንዱ ደግሞ፣ ታማሚ በሞተ ቁጥር በክፍሉ የነበሩትን ሁሉ በማግስቱ ሰብስበን ያዩትን አንድ በአንድ እንዲናገሩ እናድርግ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ይህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሦስተኛው፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስለ ጽናት ማስተማር ይገባታል ወይ የሚለው ነው።

መልስ 1፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ

እኅቴ፣ መልእክትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር።

የእጅዎ መንቀጥቀጥ የድክመት ምልክት አይደለም። ሰውነት ብርቱ አደጋን የሚመዘግበው በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሽታ፣ በድምፅና በብርሃን ጭምር ነው፤ በረኪናው ከዓመታት በኋላ ያንን መዝገብ ከፈተው። እንዲህ ያለው ስሜት መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነና ሥራዎንም ኑሮዎንም ካላሰናከለ፣ ብዙ ሰው ያለ ሕክምና አብሮት ይኖራል፤ እየደከመም ይሄዳል። ነገር ግን ከአንድ ወር በላይ እንቅልፍ የሚነሳ፣ በቅዠት የሚያባንን፣ ከክፍል ወይም ከሰው የሚያሸሽ፣ ወይም ለማስታገስ ሲባል መጠጥና ጫት የሚያስመርጥ ከሆነ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ የሚያቆዩት ጉዳይ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚታሰብበት ዘመን አልፏል፤ ብዙ ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍልና የሠለጠኑ ነርሶች አሏቸው። ምናልባት ከእርስዎ ክፍል ሁለት በር አልፎ ይሆናል።

አመራሩ ያቀረቡት ሐሳብ ከቅንነት የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም አጥብቄ የምቃወመው ነው። አስደንጋጭ ነገር በተፈጸመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎችን በአንድ ስብሰባ ሰብስቦ ያዩትን በዝርዝር እንዲተርኩ የማድረግ አሠራር በሌላው ዓለም ለረዥም ጊዜ ተሠርቶበታል። ጥናቶቹ ተሰባስበው ሲመዘኑ ግን በኋላ የሚመጣውን ሰቀቀን እንደማይከላከል ታየ፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ጥናቶች የተሳተፉት ካልተሳተፉት ብሰው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር አይመክርም። ገና ያልረጋ ቁስል በሰው ፊት ተገዶ ሲከፈት ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ደም የሚያቆም ሰው ቁስሉ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ብሎ ፋሻውን በየሰዓቱ አይገልጥም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ የሚሰማውም አይጣ፤ ዝም ማለት የፈለገም በዝምታው አይጠየቅ።

በምትኩ የሚሠራበት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ የሚባለው ነው። ሐሳቡ በሦስት ግሥ ይያዛል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት ማን ተርቦ ቆሟል፣ ማን ለሦስት አዳር አልተኛም፣ ማን ብቻውን ግድግዳ ተደግፏል የሚለውን ማስተዋል ነው። ማዳመጥ «ምን አየህ» ብሎ መመርመር ሳይሆን «አሁን ምን ትፈልጋለህ» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ነው። ማገናኘት ደግሞ ሰውየውን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ማድረስ ነው፤ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከልጁ ስልክ፣ ከቄሱ ወይም ከሼኩ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከሐኪም።

ለወጣቶቹ በእጃቸው የሚይዙት ምን ልስጣቸው ላሉት፣ እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምሰጣቸው ጥንድ ነው። እንደ ማርበርግ ባሉ በሽታዎች ጊዜ መከላከያ ልብስ ማንም ብቻውን አይለብስም፣ በተለይም ብቻውን አያወልቅም፤ ቆሞ ደረጃውን የሚከታተልለት ባልደረባ ይኖረዋል። ይህ ሥርዓት ለኢንፌክሽን መከላከያ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ለነፍስም ያገለግላል። ያ ተመልካች ጓንቱ መቀደዱን ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «ዛሬ ከውስጥ ይዘኸው የወጣኸው ነገር አለ?» ይበለው። መልሱ «የለም» ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን በየዕለቱ ይጠየቅ፤ ልማድ ከሆነ አንድ ቀን «አለ» የሚል ይገኛልና። ጥንዶቹ ለሳምንታት እንዳይለያዩ ይደረግ፤ በየቀኑ አዲስ ሰው የሚመደብበት ሰው ልቡን ለማንም አይከፍትም።

ሁለተኛው ትክክለኛ ዕውቀት ነው። ፍርሃት የሚያድገው በጭለማ ነው። ማርበርግ ቀደም ባሉት ወረርሽኞች ከያዛቸው ሰዎች ከ24 እስከ 88 በመቶ የሚሆኑትን ገድሏል፤ ይህን ከሠልጣኝ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን እንደ ኮሮና በትንፋሽ ሲዛመት የሚውል በሽታ አይደለም፤ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው፤ ንክኪ የነበረው ሰው ክትትልም 21 ቀን ነው። ልብሱን አሥር ጊዜ ለብሳ አሥር ጊዜ ያወለቀች ነርስ አንድ ጊዜ በስላይድ ካየችው ይልቅ በሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህን ስል የልምምዱን ሰዓት ከሥነ ልቦናው ሰዓት አትለዩት ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ከጭንቀት በተነሳ ልብ ሲዘል አየር በአፍንጫ በእርጋታ አስገብቶ ከገባበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ የእግር መዳፍ ቦት ጫማው ውስጥ ወለሉን ሲነካ ማስተዋል፣ በዓይን የሚታዩ አምስት ነገሮችን በልብ መጥራት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፤ የትንፋሹን ልምምድ ጥብቅ ጭንብል አድርገው ሳለ እንዲጀምሩት አይምከሩ፤ አየሩ ስለሚከብድ የመታፈን ስሜት ሊጨምርባቸው ይችላል። ጭንብል ውስጥ ላለ ሰው የእግሩ ይሻላል።

ስለ እኒያ አባት የጻፉትን በተመለከተ፣ እርስዎን የሚያሳድደው ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ሊያደርጉት የሚገባዎትን ነገር ሁኔታው እንዳያደርጉት ስለከለከለዎ የቀረ የኅሊና ቁስል ነው። ለዚህ እንደ ፍርሃቱ የትንፋሽ ልምምድ አይበቃውም። በዚህ ላይ ሌሎችም ቢናገሩ ደስ ይለኛል።

መልስ 2፦ የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ ሲስተር፣ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ስለዚህ ሐዘንን በመዝገብ የማውቀው ሰው ነኝ።

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ሰው በብዛት መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳናችንና አግዳሚ ወንበሮቻችን መጋዘን ገቡ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሳንስም በቴሌቪዥን አሳለፍነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን ተራዊሕ በየቤታቸው ሰገዱ። ይህን ሁሉ ቻልነው። ያልቻልነው ለቅሶ አለመድረስን ነው። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ባላቸውን ቀብረው ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ ከሁለት ልጆቻቸው በቀር ሰው አልነበረም። ቡና የሚያፈላ የለም፤ ንፍሮ የለም፤ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል የለም። እኔ በበሩ ላይ ቆሜ ከሩቅ አንገቴን ደፋሁላቸው። የእድሩን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ በመዝጊያው ሥር ያስገባሁበትን ቀን አልረሳውም፤ ስለ ጥንቃቄው ልክ ነበርኩ፣ ልቤ ግን እንደ ሌባ ነው የቆጠረኝ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ብልሃት አመጡ። የአባላቱን ዝርዝር ለሰባት ቡድን ከፍለን፣ ሐዘንተኛው ቤት በየምሽቱ በ1 ሰዓት አንድ ቡድን በተራ እንዲደውል አደረግን፤ እንደ ድሮው ለቀስተኛ ሦልስት ድረስ፣ ከዚያም ሰባት ድረስ። የሚደውለው ሰው ምክር አይሰጥም፤ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ያልበሉ ከሆነ በማግስቱ በር ላይ እንጀራና ሽሮ ይቀመጣል። ክልከላው ሲላላ ደግሞ በዚያ ወቅት ሰው የሞተባቸውን 9 ቤተሰቦች ሰብስበን ለሁሉም አንድ ላይ ድንኳን ጣልን። ወራት ያለፈው ሞት ስለሆነ ማንም የሚያለቅስ አልመሰለኝም ነበር። ልጄ፣ እንደዚያ ቀን ያለ ለቅሶ አላየሁም። ተቀምጦ የነበረ ለቅሶ ነውና።

አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ትነግረን ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል፤ በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቆ የሚቀብረው እስኪጠፋ ደርሷል። ያ ትውልድ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ ዛሬም «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ለጽዳት ነው ይባላል። እኔ ግን ለመታሰቢያም ይመስለኛል፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ያልተጣለለትን ድንኳን በጭስ የጣሉለት ይመስለኛል። ስለዚህ ለሆስፒታላችሁ አንድ ነገር ልለምን፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ የሞቱትን ታማሚዎችና ባልደረቦች የምታስቡበት አንድ ቀን ይኑራችሁ፤ ሻማም ይሁን ጸሎትም ይሁን ዝምታም ይሁን።

ስለ እኒያ አባትም ልንገርሽ። እጁን ያነሳ ሰው መርቋል። ምርቃት በአፍ ብቻ አይደለም። ልጅቱ ግን ሳትመረቅ የቀረች መስሏት ይሆናል ዓመቱን ሁሉ የምትኖረው። ያ ነገር የአንቺ ዕዳ ብቻ አይደለም፣ የእርሷ ንብረት ነው፤ አንቺ ጋ ተቀምጧል። ፈልገሽ ስጫት።

መልስ 3፦ ላቦራቶሪ

እስካሁን የተባለውን ሁሉ አከብራለሁ፤ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን ይቆጨኛል። እኛ ናሙና የምንመረምር ሰዎች በዚያን ጊዜ አንዱን ጭንብል ለቀናት እያደረግን የሠራንበት ወቅት ነበር። የተጋላጭነት ክፍያችንም ለወራት ዘግይቷል። በዚያ መሐል አንድ ሰው መጥቶ ስለ ሥነ ልቦና ጽናት ሁለት ሰዓት ንግግር አደረገልን፤ ሲጨርስ አንዲት ባልደረባችን «ጓንት መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረውም። ያ ንግግር ከእኔ ልብ የወጣው ያኔ ነው። ሲስተር፣ ሠልጣኞቹ ፊት ከመቆምዎ በፊት የጓንት፣ የጭንብልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ ምን ላይ እንዳለ ከአመራሩ በጽሑፍ ይዘው ይግቡ። ሰው የሚጸናው ያልተተወ መሆኑን ሲያውቅ ነው፤ አለመተዉን ደግሞ የሚያውቀው በመጋዘኑ ነው።

መልስ 4፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ

ይህ ትክክል ነው፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ ልጽፈው ይገባኝ ነበር። የሥራ ፈረቃ ያለ ማረፊያ ሲረዝም፣ መከላከያ ሲጎድል፣ መረጃ ሲደበቅ የሚመጣውን መዛል በግለሰብ ምክር መጠገን አይቻልም። አመራሩ በየዕለቱ በታወቀ ሰዓት፣ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «አዲስ ነገር የለም» ብሎ የሚናገርበት አምስት ደቂቃ ቢኖር፣ ከብዙ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ጋሼ የእድሩ ጸሐፊ ስለ ልጅቱ ያሉትንም እደግፋለሁ፤ የሟቹን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ግን በራስዎ ስልክ ሳይሆን በሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በኩል ይሁን፤ ልጅቱ መስማት ትፈልግ እንደሆነም አስቀድማ ትጠየቅ።

መልስ 5፦ ከሜሪላንድ

እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ጠያቂ እንዳይገባ ሲከለከል፣ የአረጋውያኑ ልጆች በመስኮት መስታወት ላይ መዳፋቸውን አድርገው ይቆሙ ነበር፤ እኛም ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ መስታወቱ እናስጠጋ ነበር። ስለዚህ ሲስተር ያየሽውን በሩቅም ቢሆን አውቀዋለሁ።

የእኔ ፈተና ግን ድርብ ነበር። ወንድሜ ደሴ ላይ ሲሞት አውሮፕላን ተሳፍሬ መሄድ አልቻልኩም፤ መርዶውም ለጥቂት ቀናት ተደብቆኝ ነበር፤ አረጋውያኑን እያጠብኩ ሳለሁ «ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል» ተብሎ። አገር ቤት ላላችሁ ይህን ላስታውሳችሁ እፈልጋለሁ፤ መርዶ መደበቅ ለሚደብቀው እንጂ ለተደበቀበት ሰው አይቀለውም። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ከሥራ መልስ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ከቴሌግራም ወደ ዩቲዩብ፣ ከዩቲዩብ ወደ ቴሌግራም እየዘለልኩ የሞት ዜና ስቆጥር እስከ እኩለ ሌሊት እቆይ ነበር። ከዚህ ያወጣኝ ቀላል ሕግ ነው፤ ዜና ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ፣ አልጋ ላይ ግን በጭራሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ሱስ እንደማቆም ያህል ከብዶኝ ነበር።

በአንድ ነገር ከባለሙያው ጋር ትንሽ እለያለሁ። በግድ አይናገሩ መባሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም አልኩ እንጂ ዝምታን መርጬ አልነበረም። በመጨረሻ ለነፍስ አባቴ በስልክ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ጸሎቱን አብረን እንጸልያለን፤ አንቺ ግን የምታናግሪያት ሐኪምም ፈልጊ» አሉኝ። ያቺን ፈቃድ ከእርሳቸው አፍ ባልሰማ ኖሮ ወደ አማካሪ የምሄድ አልነበርኩም። እምነት ያለው ሠልጣኝ ይበዛልና፣ ሲስተር፣ ከተቻለ አንድ ቄስና አንድ ሼክ ለግማሽ ሰዓት ጋብዢ፤ ይህንኑ ቃል ከእነርሱ ይስሙት።

ጠያቂ፦ ሲስተር ከክልል

ለመልሳችሁ ለማመስገን የዘገየሁት እስኪፈጸም ድረስ መጠበቅ ስለፈለግሁ ነው።

ሥልጠናው ባለፈው ሳምንት ተካሂዷል። የተመደበልኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከአዳር የሚወጡት ተኝተው እንዲመጡ ብዬ ወደ ማግስቱ ጠዋት እንዲዛወር አደረግሁ። የመጋዘኑን ዝርዝር በጽሑፍ ይዤ ገባሁ፤ የጓንቱ ቁጥር በቂ ነበር፣ የቦት ጫማው አልነበረም፤ ይህንኑ ሳልሸፍን ነገርኳቸው። ለ12 ጥንድ ተከፍለው ልብሱን ሲለብሱና ሲያወልቁ ዋሉ፤ በየዙሩ መጨረሻ ያቺን ጥያቄ ይጠያየቁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሁሉም «የለም» እያሉ ያልፉ ነበር። በሰባተኛው ዙር ላይ አንዲት ልጅ መነጽሯን ሳታወልቅ «አለ» አለች፤ ባለፈው ዓመት በኩፍኝ ስለሞተ አንድ ሕፃን ተናገረች። ጥንዷ ምንም አልመለሰላትም፤ ውኃ አቀበላትና አጠገቧ ቆመ። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። በማግስቱ የማሰባሰብ ሐሳቡንም አመራሩ አስረድቻቸው ተዉት፤ በምትኩ በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ መናገር ለሚፈልግ ብቻ ክፍት የሚሆን ቡና ይፈላል።

እጄ እንደሚንቀጠቀጥም ነገርኳቸው። በረኪናውን ፊታቸው በጠበጥኩ፤ ተንቀጠቀጠ፤ እግሬን ወለሉ ላይ አጽንቼ ቆየሁ፤ ቆመ። የእኛ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም እንደተባለው ከእኔ ሦስት በር ያህል አልፎ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ እቀጥላለሁ።

ልጅቱን በተመለከተ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ ከካርድ ክፍል መዝገብ ላይ ስልኳን አግኝታ መስማት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ትፈልጋለች ተባለ። ትናንት ማታ በባለሙያዋ ቢሮ ስልክ አናገርኳት። አባቷ በእግሬ ኮቴ ያውቁኝ እንደነበር፣ ስልኩን እኔ ይዤላቸው እንደነበር፣ «መርቀኝ» ስትል እጃቸውን እንዳነሱ ነገርኳት። ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልነበረም፤ መስመሩ እንደገና የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «የትኛውን እጃቸውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኙን ነው አልኳት።